ባለሁለት ድምፁ ሳይረን

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ የወረድኩት የጣሪያ ምስማር ልገዛ ነበር። ዝናቡ ሳይገባ ቆርቆሮዬን ላስመታ ብዬ ነው እንጂ ገበያ መዞር ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ጉልበቴም አይፈቅድ፣ ባጃጆቹም ቀስ ብላ የምትወጣ አሮጊት ሲያዩ አይቆሙም። ልጄ ምሕረት ከሐዋሳ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለነበር "ተነሺ እማ፣ እግርሽም ይፍታታ" ብላ ጎትታ ይዛኝ ወረደች። ሐጂ ሸምሱ መጋዘን ገባን። ሐጂ ሸምሱ ዱሮ ከመናኸሪያው ማዶ ክር፣ ሽቦና የራዲዮ ባትሪ ይሸጥ የነበረ፣ አሁን ከልጆቹ ጋር ቆርቆሮና ብረታ ብረት የሚያከፋፍል ሰው ነው። ከተማው ሁሉ "እርስዎ" ይለዋል፤ እኔ ግን አፍሮው ጎፍሮ፣ ሱሪው መሬት እየጠረገ ሳለ ስለማውቀው "አንተ" እንዳልኩት ቀርቻለሁ። ሟቹን ባለቤቴን ጳውሎስን እንደ ወንድሙ ነበር የሚያየው። ገና ምስማር ሳልለው "መምህርት፣ አላህ ነው ያመጣሽ፤ ነይ እስቲ አንድ ነገር ላሳይሽ" ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደን። እዚያ፣ ከዛገ በርሜልና ከተጣመመ ፌሮ መሃል፣ አረንጓዴ ቀለም ተደራርቦ የተቀባ፣ መሃሉ ላይ ሞተር፣ በሁለቱ ጫፎቹ እንደ ትልቅ ድስት ያለ ክብ ነገር የታሰረበት ብረት ተጋድሟል።

"የድሮውን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲያፈርሱ ከጣሪያው አውርደው በኪሎ ሸጡልኝ" አለ ሐጂ። "አዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው አለ፤ ፎቶ ብልክለት 'ሞዴሉ ምንድነው?' ይለኛል። የስም ሰሌዳው ወልቋል። እኔ ምኑን አውቄው? ጳውሎስ ቢኖር ገና ከሩቅ አይቶ ይነግረኝ ነበር። አንቺስ አታውቂውም?"

ማወቅስ አውቀዋለሁ። በዓለም ላይ ካለ ብረት ሁሉ እሱን አውቀዋለሁ። ግን ጎንበስ ብዬ በአንደኛው ጫፍ ዙሪያውን ባሉት መስኮቶች ጣቴን እያስገባሁ ቆጠርኩ፤ አሥር። ዞሬ ሌላኛውን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። ምሕረት "ምን እያደረግሽ ነው እማ፣ እጅሽን ይቆርጥሻል" ትላለች። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እንኳን የዚያን ጊዜው የዘንድሮውም እየተደናገረኝ ነው። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ስኳር በካርድ፣ ከቀበሌ ሱቅ፣ ሰልፍ ይዘን። ሙዝ በስሙኒ ተሸክማችሁ የማትዘልቁት እቅፍ። ከጫሞ ሐይቅ ዳር በእግራቸው የሚመጡት አሣ ሻጮች ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ በልጥ ሰክተው ያዞራሉ፤ ከሽልንግ በላይ ከጠሩ እንጣላቸው ነበር። ወንዱ ከታች የሰፋ ቴርጋል ሱሪ፣ ሴቱ ከጉልበት የሚያልቅ ጉርድ፣ እግር ላይ ደግሞ ያው ኮንጎ ጫማ፤ ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ የሚያቃጥል ኮንጎ። ላይኛው ሰፈር ሴቻና ታችኛው ሲቀላ እንደዛሬው አልተጣበቁም። በመሃል ያለው ዳገት ጥሻ ስለነበር ዝንጀሮ ከመንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ወጪ ወራጁን ይታዘባል። እኛ የምንኖረው ሴቻ፣ ከገደሉ አፋፍ ጥቂት ገባ ብሎ ነበር። በጓሮ በኩል ብትወጡ ሁለቱ ሐይቆች፣ ወደዚህ ሲሉ ደግሞ የሜዳው የጥጥ እርሻ ይታያል። ዛሬ ከፊታችን ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ቆሞ እይታውን ወስዶታል። ይውሰደው፤ እኔ ከእንግዲህ ምን ልሠራበት።

ጳውሎስ የከተማው ጀነሬተር ቤት ኤሌክትሪሺያን ነበር። ዝም ያለ፣ ረጋ ያለ፣ እጁ ሁልጊዜ ግሪስ ግሪስ የሚሸት ሰው። ከሥራው መካከል በከተማው የነበሩትን ሦስት ሳይረኖች መንከባከብ አንዱ ነው። ሰዉ "ጩኸቱ" ነበር የሚለው፤ ሳይረን የምንለው እሱና እሱ ያስለመደኝ እኔ ብቻ ነን። በፊት ወረራ መጣ በተባለ ጊዜ አውሮፕላን ቢመጣ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ተብለው የተተከሉ ናቸው አሉ። አንድም አውሮፕላን አልመጣም፣ እነሱ ግን ቀሩ። የሦስቱም የስም ሰሌዳ በቀለም ስለተደፈነ ጳውሎስ የራሱን ስም አውጥቶላቸው ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው "እጅ ዙር" ነው፤ በእጅ የሚሽከረከር፣ ቀጭን ድምፅ ያለው፣ የሚያዞረው ዘበኛ ሲደክመው አብሮት የሚደክም። ሁለተኛው ሲቀላ ቀበሌ ጣሪያ ላይ ያለው "ባለባርኔጣው" ነው፤ ሰፊ ክዳን የደፋ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ያለው፣ ከሆዱ የሚያጉረመርም። ሦስተኛው የእርሻው "ባለሁለት ድምፁ" ነው። በአንዱ ጫፍ አሥር መስኮት፣ በሌላው አሥራ ሁለት። ሞተሩ ሁለቱን ከበሮዎች አንድ ላይ ሲያዞራቸው አየሩ በየመስኮቱ ይቆራረጥና አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ድምፅ ያወጣሉ፤ ሁለት ሰዎች ተስማምተው እንደሚዘምሩት።

ይህን ሁሉ በደብተር ይጽፍ ነበር፣ ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ባለበት የተማሪ ደብተር። ለስድስት ወር ሥልጠና አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ ጓደኞቹ ሲኒማ ሲገቡ እሱ አንገቱን ቀልብሶ የፋብሪካ ጣሪያ ሲያይ ይውላል። አንድ ዘበኛ "ምን ታያለህ አንተ?" ቢለው "ርግብ" ብሎ አመለጠ። በየገጹ አንድ ሳይረን ይሥላል፤ ክዳን አለው የለውም፣ ቆሟል ወይስ ተጋድሟል፣ ስንት መስኮት አለው፣ ከተነሳ እስኪደርስ ስንት ይቆጥራል፣ ከጠፋ በኋላ እስኪረጋ ስንት። "ዓይን ይሳሳታል" ይለኝ ነበር። "ቀለም ይቀቡታል፣ ክዳኑን ይቀይሩታል። ድምፁ ግን የመስኮቱ ቁጥር ነው፤ አይዋሽም።" ሌላው ወንድ ለእጮኛው ደብዳቤ ሲጽፍ የኔው ሰው ገደል አፋፍ አስቀምጦ "ይሄኛው የቱ ነው?" እያለ ይፈትነኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ይህ ሰው ደህና አይደለም እንዴ ብያለሁ። በዓመቱ ግን እኩያው ሆንኩ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ገና የመጀመሪያውን ማጉረምረም ስሰማ "ባለባርኔጣው" እላለሁ፣ ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

አባቴ ደጋው አገራችን ጨንቻ ላይ ሲሞት እናቴና ታናሽ ወንድሜ ታዴ እኛ ዘንድ ወረዱ። አባታችን ሸማኔ ነበር፤ ታዴም እጁ የአባቱ ነው። ጓሮ ያለችውን ክፍል ጉድጓድ ቆፍሮ የሽመና ዕቃውን ተከለባት፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ከጠዋት እስከ ማታ የመወርወሪያ ድምፅ ነው። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከድን። በዚያን ጊዜ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ መንገድ ላይ አይታይም። ባለባርኔጣው ሲጮህ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል፤ ትእዛዝ ነው። አብዮት ጥበቃዎች መንገዱን ከላይና ከታች ይዘጉና ለጦር የሚሆነውን እየለዩ መኪና ላይ ያፍሱታል። ወረቀት አይጠይቁም፤ ጢም ማቀምቀሙን ካዩ በቃ። ስለዚህ ባለባርኔጣው ሲጮህ ታዴ ጣሪያው ሥር ካለው ቆጥ ላይ ወጥቶ ይተኛል። ባለሁለት ድምፁ ሲጮህ ግን ሰላም ነው። እኩለ ቀን ላይ የእርሻው ፈረቃ የሚቀየርበት ስለሆነ ገቢውና ወጪው ሠራተኛ መንገዱን ይሞላዋል፤ እሱን ደግሞ አያፍሱትም፤ ታዴም የሸመነውን ጋቢ ጠቅልሎ ከመሃላቸው ይገባና ለሸምሱ አድርሶ ከነሱው ጋር ይመለሳል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ጩኸቱ ከገደሉ ጋር እየተላተመ ስለሚመጣ እኛ ሴቻ ላይ ሆነን ከየት እንደተነሳ አናውቅም። የምንለየው በድምፁ ብቻ ነው። የወንድሜ ሕይወት በመስኮት ቁጥር ላይ ነበር፤ እኛ ደግሞ ለምደነው እንደ ጨዋታ ይዘነው ነበር።

ስለ እማዬም ልንገራችሁ። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር በየቤቱ ተሸሽገን ነበር የምንጸልየው፤ መዝሙር ከሆነ በሹክሹክታ። እማዬ ደግሞ ጨንቻ ላይ ድምፅዋ ከተራራ ተራራ የሚሰማ ሴት ነበረች፤ ሹክሹክታ አልሆንልሽ አላት። ታዲያ ምን ዘየደች? እኩለ ቀን ባለሁለት ድምፁ ሲነሳ ወገቧን ይዛ ትቆምና ያላትን ያህል ድምፅ አውጥታ በጋሞኛ ትዘምራለች። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ከጎኗ የቆመ ሰው እንኳ አይሰማትም። ሳይረኑ ቀስ እያለ ሲወርድ እሷም አብራው ትወርዳለች፤ ሲረጋ ዝም። አንድ ቀን መብራት ሳይታሰብ ጠፍቶ ሳይረኑ ቶሎ ቢወርድባት መዝሙሯ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። አፏን በነጠላዋ ይዛ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ እኛ ሳቅ ገደለን። ጳውሎስ እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

በዚያ ክረምት ዝናብ የባለባርኔጣው ሞተር ውስጥ ገብቶ አቃጠለው። መለዋወጫ የለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጳውሎስን አስጠርቶ "እስከ ማክሰኞ ካልጮኸ አንተን ነው የማስጮህህ" አለው። ጳውሎስ ሰኞን ሙሉ ጣሪያ ላይ ዋለ፤ አመሻሽ ላይ ከእግር እስከ ራሱ ግሪስ ሆኖ ገባ። እኔ አኮረፍኩ። ወንድሜን የሚያሳፍሰውን ነገር ባሌ ሲጠግን ሲውል ምን ልበል? ምሕረትን አርግዤ አምስት ወሬ ነበር፤ ሰውነቴም ነገሬም ከብዶኛል። "ለነሱ ጩኸት ስትለፋ ዋልክ አይደል?" አልኩት። "ወርቅነሽ፣ ምን ላድርግ ታዲያ?" አለኝ። ራቱን ያቀረበችለት እማዬ ነች። ያኔ "ልጄ" ነበር የምትለው።

ማክሰኞ ጠዋት ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆመ። እማዬ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች፣ ታዴ ጓሮ ሥራውን ጀምሯል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ሃለኮ እቀነጥሳለሁ፤ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ቅጠል። "ስሚ" አለኝ። "ዛሬ ድምፁን እንዳታምኚ። ዕቃ ስለጠፋ የእርሻውን ባለሁለት ድምፅ አውርጄ ቀበሌው ላይ ነው ያሰርኩት። ለእርሻው ለጊዜው የመኪና ቸርኬ ተሰቅሎ ይመታለታል። ዛሬ ባለሁለት ድምፁ ከጮኸ ቀበሌው ነው። ታዴ እንዳይወጣ፤ ለእማዬም ንገሪያት።" እኔ መቀንጠሴን ቀጠልኩ። "ሰምተሻል?" አለኝ። "ሰማሁ" አልኩ። እንዲህ ነው የሆነው፤ ሰማሁ አልኩ። ግን ያን ጊዜ የምሰማው የራሴን ንዴት ነበር። ጥቂት ቆሞ ጠበቀኝ፣ ዞር እንድል ይመስለኛል። አልዞርኩም። ሄደ።

እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጮኸ። ሰማዩ ደመና ስለነበር ፀሐይ አይቶ ሰዓት መገመት አይቻልም። ከጓሮ መወርወሪያው ቆመና ታዴ "እትዬ፣ የቱ ነው?" አለኝ። እሱም ያውቀዋል፤ እኔን ለመፈተን ነው፣ የሁልጊዜ ጨዋታችን ነው። ጆሮዬን ሰጠሁ። ወፍራሙ ተነሳ፣ ቀጭኑ ተከተለው፣ ሁለቱ ገጠሙ። "ባለሁለት ድምፁ ነው፤ የእርሻው" አልኩት። ጠዋት የተነገረኝ ነገር፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። እማዬ ወገቧን ይዛ መዝሙሯን ጀመረች። ታዴ ጋቢውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር አደረገና፣ በጩኸቱ መሃል እንድሰማው ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ "ከሸምሱ ሱቅ ምን ላምጣልሽ?" አለኝ። "ክብሪት" አልኩት።

ሳይረኑ ወረደ፣ እማዬም አብራው ወረደች። ጸጥ ካለ በኋላ፣ ድንች ልጬ ልጨርስ ስል፣ ከሜዳው በኩል ሌላ ነገር ሰማሁ። ቸርኬ። ብረት በብረት ሲመታ፣ ካን፣ ካን፣ ካን። የእርሻው ፈረቃ የተቀየረው ገና ያኔ ነበር። የጳውሎስ ቃል አንድ በአንድ ጆሮዬ የገባው ያኔ ነው። ቢላዋውን ጥዬ ሮጥኩ፤ ያንን ሆድ ይዤ ዳገቱን ቁልቁል። መታጠፊያው ጋ ስደርስ መንገዱ ባዶ ነበር፣ ሰው የሚባል የለም፣ ዝንጀሮዎቹ ብቻ።

ከሰዓት በኋላ ሸምሱ መጣ። በአንድ እጁ የታዴን ጋቢ፣ በአንድ እጁ አንድ ፓኮ ክብሪት ይዞ። ዓይኑ ቀልቷል። መኪናው በሱቁ በኩል ሲያልፍ ታዴ ከላይ ሆኖ ጋቢውን ወርውሮለት "ለእትዬ ክብሪት ስጥልኝ" አለው። ሌላ ምንም አላለም። ያንን ክብሪት ለዓመታት አልጫርኩትም፤ በኋላ እርጥበት በልቶት ተበላሸ።

ሰው ሲያጽናናኝ "ተሳስተሽ ነው" ይላል። አልተሳሳትኩም እኮ። ያ የጮኸው ባለሁለት ድምፁ ነበር፤ አሥር መስኮት፣ አሥራ ሁለት መስኮት። በትክክል ነው የለየሁት።

ጳውሎስ አመሻሽ ላይ ሲገባ እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤት ሁሉ የጳውሎስን ሥራ ሰምቷል። ቀና ብላ "ጳውሎስ፣ ጩኸቱን ቀይረህ ሳለ ለምን አልነገርከንም?" አለችው። እሱ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ምናልባት እስክናገር ጠብቆ ይሆናል። እማዬ ደግማ ጠየቀችው። ያኔ "ረሳሁ እማዬ" አለ። ወንድሜን አሳልፌ ስሰጥ ንዴት ነበር ልበል፤ ባሌን አሳልፌ የሰጠሁት ግን ልቤ እያወቀ ነው። ፈሪ ነበርኩ። ያችን ማታ ብናገር ኖሮ እናቴ እኔን ምን ታደርገኝ ነበር እያልኩ፣ ያንን ብቻ እያሰብኩ ተኛሁ።

ጳውሎስ ማሠልጠኛ ካምፑ ድረስ ሄዶ አራት ቀን በር ላይ ቆሞ ተመለሰ፤ አላሳዩትም። ከወራት በኋላ አንድ ደብዳቤ መጣ። ታዴ ከሰሜን ነው የጻፈው፦ "እዚህ ብርዱ የጨንቻን ይመስላል፤ ያንን ጋቢ ለሸምሱ መስጠቴ ቆጨኝ።" ከዚያ ወዲያ የለም። መንግሥት ሲለወጥ፣ የተበተነው ወታደር በእግሩም በመኪናም ሲመለስ፣ እማዬ መናኸሪያው በር ላይ ድንጋይ አመቻችታ ስንት ወር ፊት ስታይ ዋለች። ከአውቶቡስ የሚወርደውን ረጅም ሰው ሁሉ ብድግ ብላ ታያለች። በመጨረሻ እኔው ነኝ እጇን ይዤ ወደ ቤት የመለስኳት። ጸሎት ቤቱ ተከፍቶ ሰው እንደልቡ ሲዘምር እሷ ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም። ጳውሎስን ከዚያች ቀን ጀምሮ "የወርቅነሽ ባል" ነው ያለችው። ከእጁ ውኃ አልተቀበለችም፤ ታማ በተኛችበት እንኳ ብርጭቆውን ይዞ ሲቆም ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እሱ ብርጭቆውን ለኔ ይሰጠኛል፣ እኔ አጠጣታለሁ። ምሕረት አድጋ ሱቅ ልከናት ጨው ብትረሳ አያቷ "የአባቷ ልጅ" ትላለች። ልጄ አባቷ የረሳ ሰው መሆኑን እየሰማች ነው ያደገችው። ደብተር ብትረሳ፣ ቁልፍ ብትረሳ፣ እስከ ዛሬ "ምን ላድርግ፣ በደሜ ነው" ትላለች። ጳውሎስም እየሰማ ዝም።

አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። መሰላል ላይ ሆኖ አምፖል ሲቀይር ከታች ይዤለት "ያ ጠዋት..." ስል "ተይው ወርቅነሽ" አለኝ። "አንቺ ከእናትሽ ሌላ ማን አለሽ? እኔ ችዬዋለሁ።" እናቴ ከሞተች በኋላስ? ያኔ ደግሞ ምሕረት ነበረች፣ ምን ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ ሲባል እሱም ከሦስት ዓመት በፊት ሞተ። ዕቃውን ሳነሳሳ ያቺን ደብተር አገኘሁ። የባለሁለት ድምፁ ገጽ ላይ፣ ከሥዕሉ ሥር፣ በንጹህ እጅ ጽሑፉ "ወደ ቀበሌ ጣሪያ ተዛወረ" ይላል። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ ተሰርዟል። ገጹን ገልብጬ በብርሃን አየሁት። "ለቤት ተነግሯል" ነበር የሚለው። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማንም ገልጦ እንዳያነብብኝ ነው የሰረዘልኝ።

ሐጂ ሸምሱ ጓሮ ቆሜ ስንቱን እንዳሰብኩ አላውቅም። ምሕረት ክንዴን ይዛ "እማ፣ ደህና ነሽ?" ትላለች። "ባለሁለት ድምፅ ነው" አልኩት ሐጂን። "አሥርና አሥራ ሁለት መስኮት። ፋብሪካውን አላውቅም፤ ጳውሎስም አያውቀውም ነበር። ግን ለሰውየው ድምፁን ብታሰማው ያውቀዋል።" ሐጂም "ወላሂ እውነትሽን ነው" አለና ብየዳ የሚሠራውን ልጁን ጠርቶ ባለ ሦስት ፌዙን የኤሌክትሪክ መስመር አስሳበ። ስልኩን አውጥቶ መቅረጹን ጀመረና አጠገቤ ቆመ።

መጀመሪያ አጉረመረመ። አቧራና የወፍ ጎጆ ከየመስኮቱ ተፋ። ከዚያ ወፍራሙ ተነሳ፣ ቀጭኑ ተከተለው፣ ገጠሙ። ይህን ሁሉ ዘመን አልተለወጠም። በአጥሩ ክፍተት የሲቀላ መንገድ ይታየኛል፤ ወጣቱ ጆሮውን ይዞ እየሳቀ ያልፋል፣ ፀጉሩ የሸበተው ግን፣ ሴቱም ወንዱም፣ ባለበት ቆሟል። ማንም ሳያዛቸው። ልጄን አየኋት። እናቴ በዚህ ጩኸት ውስጥ እንዴት ትዘምር እንደነበር ትዝ አለኝ፣ እኔም አፌን ከፈትኩ። ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም። "ምሕረት፣ አባትሽ ነግሮኝ ነበር" አልኩ። "ያን ጠዋት በር ላይ ቆሞ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያኮረፍኩት፣ ታዴን ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሲጠየቅም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።" እየደጋገምኩ እላለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ አላቆምም። ሲወርድ አብሬው ልወርድ ነበር ሐሳቤ፣ እንደ እማዬ። ግን የሐጂ ልጅ መስመሩን መቼ እንደነቀለው አላየሁም። ከበሮዎቹም አርጅተዋል መሰለኝ፣ እንደ ዱሮው ቀስ ብለው አልረጉም፤ ድንገት ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የኔ ድምፅ ብቻ ቀረ፦ "አባትሽ አልረሳም፤ ነግሮኝ ነበር።"

የብየዳው ልጅ ሽቦውን እንደያዘ ቀረ። ምሕረት ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ይገባኝም ነበር። እጇን ከክንዴ አላነሳችም። "አባዬ እንግዲህ የረሳ ሰው አልነበረም" አለች።

"አልነበረም" አልኳት። "ምንም ነገር ረስቶ አያውቅም።"

ሐጂ ሸምሱ አቀርቅሮ ስልኩን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መምህርት፣ መጨረሻው ላይ ያንቺ ድምፅ ገብቷል" አለኝ። "ልሰርዘው?"

"ተወው ሐጂ" አልኩት። "አንድ ጊዜ ተሰርዞልኛል፤ ይበቃል።"